የማይጠየቅ ምግብ

በአገራችን መንገደኛ ምግብ ሲቀርብለት አስቀድሞ የሚያስበው «ይጣፍጥ ይሆን?» ብሎ አይደለም፤ «የማን ነው?» ብሎ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደው አውቶቡስ ለምሳ ሲቆም ነገሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በሌሊት አብረው የተሳፈሩ፣ ጣርማበር ላይ «መስኮት ዝጋ፣ አትዝጋ» የተባባሉ፣ ደብረ ሲና ላይ ከአንድ ላስቲክ ቆሎ የተቋደሱ ሰዎች ከአውቶቡሱ ሲወርዱ ማንም ሳያዛቸው ሁለት ቦታ ይከፈላሉ። ከፊሉ መስቀል ወዳለበት በር ይገባል፣ ከፊሉ ጨረቃና ኮከብ ወዳለበት። ማንም ማንንም አይቀየምም። «በል ቶሎ በልተህ ና፣ ሾፌሩ አይጠብቅም» ይባባላሉ። ተመልሰው ጎን ለጎን ሲቀመጡም አንዱ ስለ ጥብሱ፣ ሌላው ስለ ቅቅሉ ያወራል። ጥብሱ ያው ጥብስ፣ ሚጥሚጣውም ያው ሚጥሚጣ ነው። የለያቸው ቢላው ነው፤ በማን እጅ፣ በማን ስም ታረደ የሚለው።

ይህ ለባዕድ ሰው ግራ ነው። ለእኛ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ስለሆነ ልብ የሚለውም የለ። ወሎ ላይ ደግሞ ረቀቅ ይላል። በአንድ ቤት ሙስሊምና ክርስቲያን ዘመድ የሚገኝበት፣ የአያትና የልጅ ልጅ ስም ከሁለት ሃይማኖት የሚወጣበት አገር ነው። ድግስ ሲደገስ ባለቤቱ የአንዱ ወገን ሆኖ ለሌላው ወገን እንግዶቹ ለብቻ ያሳርድላቸዋል፤ አራጁ ከእነርሱው ይጠራል፣ ድስቱም ይለያል። እኔ በዚህ ውስጥ አክብሮት ይታየኛል፤ የእንግዳን ሕግ አውቆ፣ ወጪውንም ችሎ መጋበዝ ቀላል ነገር አይደለም። ቢሆንም ሁለት ድስት ሁለት ድስት ነው። እየበሉ ሳሉ ወዲያ ማዶ ያለውን ሰው «ና ቅመስ» ማለት አይቻልም።

ከሚሴ ላይ ግን ሳይጠየቅ የሚበላ ነገር አለ።

ከሚሴ ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በደሴው መንገድ ግራና ቀኝ የተዘረጋች ከተማ፣ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን መቀመጫ ናት። ከጣርማበር ዋሻ ወዲህ መንገዱ ቁልቁል ነው፤ ደብረ ሲናን፣ ሸዋ ሮቢትን፣ ሰንበቴን፣ አጣዬን እያለፈ ሲሄድ በየቦታው አንድ ልብስ ይወልቃል። ሌሊት ጋቢ የተከናነበው ሰውዬ ከሚሴ ሲደርስ በሸሚዝ ነው፤ እጅጌውንም ጠቅልሎታል። ከከተማዋ ወጣ ሲሉ ቦርከና የሚያጠጣው የጨፋ ሜዳ ተንጣሎ ይታያል፤ በበጋ የአፋሩም፣ የኦሮሞውም፣ የአርጎባውም ከብት ሣር ፍለጋ የሚወርድበት ረግረግ ነው። አውቶቡሱ ፍጥነቱን ሲቀንስ ሻጮች ከግራ ከቀኝ ይከቡታል። ማንጎ፣ ሙዝ፣ በክንድ ልክ የተቆራረጠ ሸንኮራ፣ ውሃ፣ ሶፍት፣ ማስቲካ ወደ መስኮት ይዘረጋል። ከዚያ በላስቲክ ሳፋ፣ ጨርቅ ለብሶ፣ ሳምቡሳ ይመጣል።

የምስር ሳምቡሳ። ይኸው ነው ነገሩ።

አሠራሩን ከሳፋው በፊት ማየት ደስ ይላል። አንዲት እናት መንገድ ዳር፣ የሸራ ጥላ ሥር፣ ከሰል ምድጃ ላይ ብረት ድስት ጥዳ ተቀምጣለች። ሊጡ ጠንከር ብሎ ተቦክቷል፤ ጨውና ትንሽ ዘይት እንጂ እርሾ የለበትም። በመዳመጫ እየተዳመጠ ብርሃን እስኪያሳልፍ ይሳሳል፤ ምጣድ ላይ ለአንድ አፍታ ያህል ገልበጥ ገልበጥ ይደረግና ይቆረጣል። ምስሩ ድፍን ነው፤ እስኪበስል ተቀቅሎ ሳይፈርስ ወጥቷል፤ ውሃው ተጠንፍፎ በደቃቁ ከተከተፈ ሽንኩርትና ቃሪያ ጋር ተደባልቋል። እናትየዋ ቁራጩን ሊጥ መዳፏ ላይ ታጥፈውና ኪስ ታበጅለታለች፤ አንድ ማንኪያ ምስር ትከትበታለች፤ ከዚያ አመልካች ጣቷን በውሃ በተበጠበጠ ዱቄት ነክራ የኪሱን አፍ ዙሪያውን ቀብታ ትጫነዋለች። ሦስቱ ማዕዘን ላይ የምትጫነው አጫጫን ይለያል፤ እዚያ ጋ ክፍተት ከቀረ ዘይቱ ይገባል፣ ምስሩም ይበተናል። ዓይኗ ድስቱ ላይ፣ ወሬዋ ከጎረቤቷ ጋር ነው፤ በኦሮምኛ። ደንበኛ ሲመጣ በአማርኛ ትመልስና ያቆመችውን ኦሮምኛ ካቆመችበት ትቀጥላለች። ጣቷ ግን አይስትም።

ዘይቱ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ይሰምጣል፣ ወዲያው ይንሳፈፋል፣ ከዚያ ቆዳው ላይ ጥቃቅን ጉርብጥብጦች ይወጣሉ። የመንገድ ዳር ምግብ ለሚፈራ ሰው (ፍራቻውም ያለ ምክንያት አይደለም) ምክሬ ከሳፋው ሳይሆን ከድስቱ መግዛት ነው፤ ከፈላ ዘይት በወጣ ነገር ላይ ዝንብ የሚያርፍበት ጊዜ አያገኝም። የሚጠቀለለው በደብተር ወረቀት ነው። የእኔ የደረሰው የአንድ ተማሪ የሒሳብ ፈተና ነበር፤ ዘይቱ በወረቀቱ ሲሰርጽ በጀርባ ያለው የመምህሩ ቀይ እርማት ብቅ አለ። ልጁ ወይም ልጅቷ ክፍልፋይ ላይ ደካማ ነበሩ። አፌን አቃጥዬ፣ ቃሪያው ዓይኔን አስነብቶኝ፣ የሰው ልጅ ውጤት ሳነብ ቆየሁ።

እንግዲህ ይህን ምግብ ማን ሊበላ እንደሚችል አስቡት። እርድ የለበትም። ቅቤ፣ ወተት፣ እንቁላል የለበትም። ለሙስሊሙ የሚያሰጋው ነገር የለ፤ ለክርስቲያኑም በሥጋ በኩል የሚጠይቀው የለ፤ ረቡዕም ዓርብም ሁዳዴም ቢሆን የጾም ነው። ሹካና ሳህን አይፈልግም፤ ድስቱ የማን ነው የሚለው እንኳ አይነሳም፤ ምስር ብቻ ሲጠበስበት የዋለ መሆኑ ፊት ለፊት ይታያልና። አውቶቡሱ ውስጥ አንድ ሰው ገዝቶ ወረቀቱን ፈቶ «እንካችሁ» ሲል እጅ ከሁለቱም ወገን ይዘረጋል። ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ በሚለያየን ምሳ መካከል፣ ሳይከፋፍል የሚያልፍ ምሳ ይህ ነው።

ሥጋ ያለበት እንዳላት ጠየቅኳት።

«ቤት እንሠራለን ጋሼ፤ ለልጆች፣ ለዘመድ» አለች። «ለመንገድ ግን ምስር ነው። ሥጋ ካደረግሁበት እኮ ግማሹ አውቶቡስ አይገዛኝም።»

የንግድ ስሌት ነው፤ ሌላ ትልቅ ነገር ላስመስለው አልፈልግም። ግን ስሌቱን ያወጣው ማን ነው? ሳምቡሳ ሲፈጠር የሥጋ ምግብ ነበር። ሞሮኳዊው መንገደኛ ኢብን ባቱታ በ14ኛው መቶ ዘመን እ.ኤ.አ. በዴልሂ፣ በሱልጣን መሐመድ ቢን ቱግሉቅ ገበታ የቀረበለትን ሲጽፍ በስስ ሊጥ የተጠቀለለ፣ የተከተፈ ሥጋ ከለውዝ፣ ከሽንኩርትና ከቅመም ጋር ያለበት ጥብስ መሆኑን ይናገራል። የቤተ መንግሥት ምግብ ነው። ይኸው ሰው ወደ እኛ አቅጣጫም መጥቷል። በ1331 እ.ኤ.አ. ገደማ ዘይላ ደርሶ ነበር፤ ዘይላ ማለት ዛሬ ከሚሴ ለመድረስ ዝቅ ብለን የምናቋርጠው የይፋት ምድር ሱልጣኔት ወደ ባሕር የሚወጣበት በር ነበረች። ከተማዋን አልወደዳትም። በዓሣና በየመንገዱ በሚታረደው ግመል ደም የተነሳ ሽታዋን መቋቋም አቅቶት፣ ባሕሩ ቢናወጥም መርከብ ላይ ማደርን እንደመረጠ ጽፏል። ያን ሁሉ አገር የዞረ ሰው፣ የእኛ በር ላይ ሲደርስ ከተማዋ ውስጥ ማደር አልፈለገም! አልፎ ሞቃዲሾ ሲገባ ግን ሩዝ በቅቤ፣ በወተት የበሰለ ሙዝ፣ የሎሚ አቻርና ማንጎ ቀርቦለት ምግቡን አንድ በአንድ ዘርዝሮ ጻፈ። አንዱን በጠረኑ ጣለው፣ ሌላውን በጣዕም አነሳው። እስከ ዛሬ የመንገደኛ ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ ከዚህ አይወጣም።

ሳምቡሳ ዛሬ በቀይ ባሕር ወዲህና ወዲያ፣ ከየመን እስከ ሶማሌ ጠረፍ፣ ከሐረር እስከ ወሎ፣ የረመዳን ምግብ ነው። ከቤተ መንግሥት ወርዶ መንገድ ዳር ሲቀመጥ መጀመሪያ የጣለው ለውዙን፣ ቀጥሎም ሥጋውን ነው። ሰው ይህን የድህነት ነገር አድርጎ ሊያየው ይችላል፤ ሥጋ ውድ ነው፣ ምስር ይረክሳል (አሁንስ እርሱም አልረከሰ)። እኔ ግን በዚህ መውረድ ውስጥ የጠፋውን ያህል የተገኘ ይታየኛል። ሥጋውን ሲጥል መንገደኛውን በሙሉ አገኘ።

እያንዳንዱ ነገር የመጣበትም መንገድ ያስገርማል። ምስር የደጋ እህል ነው፤ ከሚሴ ሙቀት ላይ አይበቅልም፤ ከላይ፣ ብርድ ካለበት ይወርዳል። ሽንኩርቱ የቆላው ነው፤ በመስኖ ይለማል። ዘይቱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ፓልም ነው፤ ከማሌዥያና ከኢንዶኔዥያ ባሕር ተሻግሮ ጅቡቲ ይራገፋል። ከጅቡቲ በሚሌ አድርጎ ወደ ኮምቦልቻ የሚወጣው የከባድ መኪና መንገድ የዚሁ ዞን የሆነችውን ባቲን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ያቺ የሰኞ ገበያዋ አፋሩን፣ ኦሮሞውንና አማራውን የሚያገናኘው ባቲ። ደገኛ ምስር፣ ቆለኛ ሽንኩርትና የእስያ ዘይት በአንዲት ሴት መዳፍ ላይ ይገናኛሉ፤ ከሦስቱ ዋጋው የሚያስጨንቃት የሩቁ ነው። ዘይት ሲወደድ የሚቀንሰው የሳምቡሳው መጠን ነው፤ ዋጋ መጨመር ደንበኛ ያስኮርፋል፣ ሳምቡሳ ማሳነስ ግን ቶሎ አይነቃም።

እስያን ካነሳሁ አይቀር፤ አየር መንገዳችን በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ወደ ሃኖይ መብረር ጀምሯል። ቬትናም የመንገድ ዳር ምግብ አገር ናት ይባላል፤ ሰዉ ጉልበት የማታክል የላስቲክ በርጩማ ላይ ቁጢጥ ብሎ ጠዋት ፎ የሚባለውን የሩዝ ፓስታ በከብት አጥንት መረቅ ይጠጣል፤ ፈረንሳዮች ባስለመዱት ዳቦ ውስጥ ሥጋና ቅጠላ ቅጠል ጠቅልሎ እየሄደ ይበላል። በግንቦት 2008 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ኦባማ ሃኖይ ሲሄዱ ከምግብ አዋቂው አንቶኒ ቦርዴይን ጋር እንዲህ ያለች በርጩማ ላይ ተቀምጠው ቡን ቻ የሚሉትን በልተዋል፤ የሁለቱ ሒሳብ 6 ዶላር ነበር፤ ዓለምም ጉድ አለ። ቡን ቻ በከሰል የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስባለሁ። አንድ የከሚሴ ሙስሊምና አንድ የጎረቤቷ የአንጾኪያ ወረዳ ክርስቲያን፣ ለንግድም ይሁን ለትምህርት፣ አብረው ያቺ በርጩማ ላይ ተቀመጡ እንበል። አሳማ ለአንዱም ለሌላውም አይሆንም። አገራቸው ላይ ለምሳ ሁለት በር የሚለያቸው ሰዎች እዚያ በአንድ አፍ «ውስጡ ምንድን ነው?» ይላሉ። ሃኖይ ላይ ባን ጎይ የሚባል፣ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ የታጠፈ፣ በዘይት የሚጠበስ ነገር አለ፤ ላይ ላዩን ያየው የወሎ ሰው «ሳምቡሳ!» ብሎ እጁን መስደዱ አይቀርም። ውስጡ ግን አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ሥጋ አለበት። አትክልት ብቻ የሚመስለውም ወጥ ቢሆን ከዓሣ የተጠመቀ ጨዋማ ፈሳሽ ይጨመርበታል፤ በዓሣው ላይ እንኳ ሁለቱ ላይስማሙ ይችላሉ፤ ክርስቲያኑ በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን እኛም ገና አልጨረስነውም።

መፍትሔው ያለው ከዚያው ከቬትናሞች ጾም ነው። በቡድሃ እምነት ብዙዎች በጨረቃ አቆጣጠር ወሩ በገባ በመጀመሪያውና በአሥራ አምስተኛው ቀን ሥጋም ዓሣም አይቀምሱም። በእነዚያ ቀናት የጾም ምግብ ሻጩ ይበዛል፤ ቶፉው፣ እንጉዳዩ፣ ሩዙ ለብቻ ይወጣል፤ «ጫይ» የሚል ጽሑፍ ይለጠፋል። የእኛ ሁለት ሰዎች የጨረቃውን ቀን ቆጥረው ያን ጽሑፍ ካገኙ ያለ ሥጋት ይበላሉ። ሳይተዋወቁ፣ በሌላ እምነት የተጾመ የማያውቁት ሰው ጾም ይመግባቸዋል። ከሚሴ ላይ የሚሆነውም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ በአንዱ ልማድ የተሠራ ምግብ በሌላው ሕግ ውስጥ ያለ ችግር ይገባል። ጥብቅ የሆነው ሰው ይበልጥ ይጠቀማል፤ ጾም የማያውቅ ሰው የሠራው ምግብ ለጿሚ አይመችም።

ከማያውቁት ሰው እጅ መብላት ግን ሃይማኖትን ብቻ አይደለም የሚጠይቀው፤ መተማመንንም ነው። ይህ መንገድ ያንን አጥቶ ያውቃል። በሚያዝያ 2013 አጣዬ ስትቃጠል፣ በዚያው አካባቢ ከሁሉም ወገን ሰው ሲሞትና ሲፈናቀል፣ ከዚያም በ2014 ጥቅምትና ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት ራሷን ከሚሴን ሲውጣት፣ አውቶቡስ ቆመ። አውቶቡስ ሲቆም መጀመሪያ የምትጠፋው ሳፋ የያዘችው ሴት ናት፤ ጉዳቷን የሚመዘግብ መሥሪያ ቤት የለም፤ ካሳም አትጠይቅም። መንገዱ ተከፍቶም ቢሆን ሾፌሩ ሳይቆም የሚያልፍበት፣ ተሳፋሪው መስኮቱን ዘግቶ መጋረጃ የሚስብበት ጊዜ ነበር። ሳምቡሳው ያው ነው፤ ምስሩም፣ ሽንኩርቱም አልተለወጠም። የተለወጠው መስኮቱ ነው። ስለዚህ ምግቡ ሰውን ያስማማል ብዬ አልጽፍም፤ አላስማማም። መስኮት ሲከፈት የሚገባ ነገር ነው እንጂ መስኮት የሚከፍት አይደለም። የዚህ መንገድ ጸጥታ ዛሬም ቢሆን አንድ ቀን ደህና፣ አንድ ቀን ክፉ ነው፤ ሻጮቹ ወሬውን የሚሰሙት ከሾፌሮቹ ነው።

እኔ የሄድሁት ሁለቱ ጾም በገጠመበት ወቅት ነበር። በ2017 ዓ.ም. ሁዳዴ የካቲት 17 ገባ፤ ረመዳን የካቲት 22። እናትየዋ ስትጠብስ ጾማለች። ጨው አልቀመሰችም፤ ምስሩን በእጇ እያማሰለች በልማድ ትመጥነዋለች። «ጨው ካነሰ ይንገሩኝ፣ ጋሼ» ትላለች ለገዢው። የእኛ አውቶቡስ የደረሰው ዘጠኝ ሰዓት አለፍ ሲል ነበር። ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ የጾሙት ክርስቲያኖች የመጀመሪያ ጉርሻቸው የእርሷ ሳምቡሳ ሆነ፤ የእርሷ ጉርሻ ከመግሪብ አዛን በኋላ ነው፤ ገና ሦስት ሰዓት ከምናምን ይቀራታል። አንድ አዛውንት ከፊቷ ቆመው ትኩሱን በወረቀት እንደያዙ አመነቱ። በጿሚ ፊት መብላቱ ከበዳቸው መሰለኝ።

«ይብሉ አባባ፣ አብሽር» አለቻቸው። «የእርስዎ ሰዓት ደርሷል፤ የእኔ ገና ነው።»

አማተቡና በሉ። ጨው አንሶት ነበር፤ ነገሯት። ሳህኑ ውስጥ በነበረው ምስር ላይ ቆንጥራ ጨመረች፤ እንደገናም አልቀመሰችም፤ ለእርሳቸው አንድ አዲስ ሰጥታ «አሁንስ?» አለች። «አሁን ደህና ነው» አሉ። ማታ ቤቷ ስታፈጥር የሚበላው ጨው በአንድ የሸዋ ክርስቲያን ምላስ የተለካ ነው።

ረመዳን በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ስለዚህ ከሁዳዴ ጋር እንደገጠመ አይቆይም። ጥቂት ዓመት ለብቻው ጥር ላይ ይውላል፤ ከዚያ ታኅሣሥ ውስጥ ገብቶ ጾመ ነቢያትን ያገኛል። ይህን አቆጣጠር ከሃይማኖት አባቶች ቀጥሎ አጥርተው የሚያውቁት እነዚህ ሴቶች ናቸው፤ ሁለቱ ጾም በሚገጥምበት ወር ገዢው እጥፍ ነውና ሽንኩርቱን ሳይወደድ ቀድመው በጆንያ ያስገባሉ።